የደሙ ውጤት ብቻውን መድኃኒት አያስጀምርም

እህቴ፣ የ7 ዓመት ልጅሽን ሆዷን ያማታል፣ በደም ምርመራ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘባት፣ አሁን ደግሞ ሐኪሙ የሰገራ ምርመራ አዘዘ፤ «ድጋሚ ወጪ ነው ወይስ የግድ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አሠሪላት። እኔ ይህን ባለማወቄ ልጄን አሰቃይቼዋለሁ።

አምና ልጄ 8 ዓመቱ ነበር። እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ክሊኒክ በደም አይተው ኤች ፓይሎሪ አለበት አሉና ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለ14 ቀን ሰጡት። አፉን መረረው፣ ምግብ ጠላ፣ እያለቀሰ ጨረሰው። ሕመሙ ግን አልለቀቀውም። ስንመለስ ደሙ አሁንም ፖዘቲቭ ነው ተባለ፤ ሁለተኛ ዙር ሊያስጀምሩት ነበር። ልቤ እምቢ አለኝና ሌላ ቦታ የሕፃናት ሐኪም ጋ ወሰድኩት።

ሐኪሟ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። የደሙ ምርመራ የሚያየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም አንቲቦዲው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። የሰገራው አንቲጂን ምርመራ ግን የባክቴሪያውን የራሱን አካል ነው የሚፈልገው። አሁን አለ ወይስ የለም የሚለውን የሚነግርሽ እሱ ነው።

ጊዜውን ግን ጠብቂ። አንቲባዮቲክ ከጨረሰች ቢያንስ 4 ሳምንት፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ካቆመች 2 ሳምንት ማለፍ አለበት። ያለዚያ ባክቴሪያው ተዳክሞ ይደበቅና ውጤቱ በሐሰት ኔጌቲቭ ይሆናል። የእኔ ልጅ ኦሜፕራዞል ላይ ስለነበር ጠብቀን ነው ናሙናውን የሰጠነው።

ላብራቶሪ ስትሄጂ ደግሞ የትኛው የሰገራ ምርመራ እንደታዘዘ ጠይቂ። በማይክሮስኮፕ የሚታየው የተለመደው ምርመራ ጃርዲያና የትላትል እንቁላል ያሳያል እንጂ ኤች ፓይሎሪን አያሳይም። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው።

ልጄ እዚያ አልመጣልህ ስላለው ቤት ነው የወሰድነው። የታናሽ እህቱ ፖፖ ላይ ንጹሕ ፌስታል ዘረጋሁ፤ ሽንትም የሽንት ቤት ውኃም እንዳይነካው። ከላብራቶሪ በሰጡኝ ዕቃ የባቄላ ፍሬ ያህል ጨምሬ፣ ወዲያው በባጃጅ አደረስኩ። ካልደረሰልሽ ከድነሽ ፍሪጅ አስቀምጪው፤ በእኛ ሙቀት ውጭ አይዋል።

አንቲጂኑ ኔጌቲቭ ሆነ። በማይክሮስኮፕ ግን ቢልሃርዝያ፣ ከሐይቅ ውኃ የሚይዘው የትል በሽታ፣ ተገኘ! ባለሙያው ጠርቶ አሳየኝ፦ ሞላላ እንቁላል፣ ጎኑ ላይ እሾህ ያለው። ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ጣና ዳር ይዋኝ ነበር፤ ማንም ግን ጠይቆን አያውቅም። በኪሎው ተሰልቶ ፕራዚኳንቴል ተሰጠው፤ ቀስ በቀስ ሆዱ ተሻለው። ስለዚህ ልጅሽ ሐይቅ ውስጥ የምትገባ ከሆነ ሳትጠየቂ ተናገሪ።

ደም ካስመለሳት፣ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ኪሎ ከቀነሰች ግን የሰገራ ውጤት አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጃት። ኦሜፕራዞል እየወሰደች ከሆነም ናሙናውን ከመስጠትሽ በፊት ለሐኪሙ ንገሪው፤ መቼ እንደምታቆም እሱ ይወስናል።