ሦስተኛው ሲዝን ሰውን ለምን ለሁለት ከፈለ?

«ሊግ ኦፍ ጀንትልሜን» ሦስተኛ ሲዝኑን አንዱ ድንቅ፣ ሌላው ብልሽት ይለዋል፤ ልቀጥል ወይስ ልተው? ላልከው፦ ቀጥል ወንድሜ።

ይህ የቢቢሲ የኮሜዲ ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲጀምር አጫጭር ቀልዶች የተሰካኩበት ነበር። ከጀርባ የተመልካች ሳቅ ይሰማል። ባለሱቆቹን ቱብስንና ኤድዋርድን አስባቸው። እንግዳ ሰው ሲገባ ዕቃችንን ሊነካብን ነው ብለው ይርበደበዳሉ። ሱቁ ለአካባቢው ሰው ብቻ ነዋ! ነገሩ በግድያ ያልቃል፤ ሳቁ ግን ጭካኔውን ያለሳልሰዋል።

በ2002ቱ ሦስተኛ ሲዝን ያ ሳቅ የለም። እያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ገጸ ባሕርያትን ብቻ ይከተላል፤ ሁሉም ወደ አንድ የመኪና አደጋ ያመራሉ። የለመዷቸውን ቀልዶች የጠበቁ ሰዎች ቅር አላቸው፤ አይፈረድባቸውም። ለእኔ ግን ምርጡ እሱ ነው። ሥራ አጦችን ስታመናጭቅ የምናውቃት ፖሊን ራሷ እስር ቤት ገብታ እናገኛታለን። ከሥራ ፈላጊው ከሚኪ ጋር ያላት ነገር አንጀት ይበላል። የሰዎቹ ብቸኝነት ፍጥጥ ብሎ የሚታየው እዚህ ነው።

ፓፓ ላዛሩ የሚባለው ገጸ ባሕርይ ላይ ግን ተዘጋጅ። የሚጫወተው ፊቱን ጥቁር የተቀባ ነጭ ተዋናይ ነው፤ ይህ ደግሞ በጥቁሮች ላይ እንደማላገጥ ይቆጠራል፤ ኔትፍሊክስ በ2020 ተከታታዩን ያወረደውም በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ እሱ ያለበትን ትዕይንት ማየት በጣም ይከብደኛል። ዘለህ ብታልፈው መብትህ ነው።

ከሦስተኛው በፊት የ2000ውን የገና ልዩ ዝግጅት እይ። ሦስት አስፈሪ ታሪኮች ናቸው፤ ለሚቀጥለው ድባብ ያለማምዱሃል።