የፋሲካው ጸሎት

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጅማ ነው።

አጎቴ አጂፕ ሰፈር መካኒክ ነበር። ከአንድ የውጭ መጽሔት የቀደደውን የፎርሙላ ዋን መኪና ተወዳዳሪውን የአይርተን ሴናን ፎቶ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ለጥፎት ነበር። ቢጫ ሄልሜት፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መስመር ያለው። «ይሄ ብራዚላዊ በዝናብ ሲነዳ ሌላው የቆመ ይመስላል» ይለኝ ነበር። ውድድሩን በቴሌቪዥን አይቼው አላውቅም። የማውቀው በአጎቴ ሬዲዮና በአጎቴ አፍ ብቻ ነው። ግን ወደድኩት። ቁልቁለቱን ጎማ እየነዳሁ ስወርድ ሴና እኔ ነበርኩ።

በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሁለት ውድድሮች ሳይጨርስ ወጣ። አንድም ነጥብ አልነበረውም። 11 ዓመቴ ነበር። የትንሣኤ ሌሊት ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ ነገ አንደኛ እንዲሆን ለመንኩ። ሚያዝያ 23 ፋሲካ ሆነ። ማታ ቡና ተፈልቶ አጎቴ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ እንደያዘ ዝም አለ። ከዚያ «ሞተ» አለኝ።

አደጋው ሲደርስበት እየመራ ነበር። ያቃጠለኝ ይሄ ነው። እንዲቀድም ለመንኩ እንጂ እንዲተርፍ አልለመንኩም።

ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አጎቴ ነቅሎ የሰጠኝ ፎቶ እስከዛሬ እናቴ ዳዊት ውስጥ ነው። አሁን የ12 ዓመቷ ልጄ ፎርሙላ ዋን በስልክ ታያለች። «አባዬ፣ ና አብረን እንይ» ስትለኝ ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ። ባለፈው «ሴት ስለሆንኩ ነው አይደል?» አለችኝ። አንጀቴ ተላወሰ። በዓይኔ ላላየሁት የባዕድ አገር ሰው እንዲህ ማዘን ጤና ነው? ለልጄስ ምን ልበላት?

ዝም ያልኩት አባት፣ ጅማ

መልስ

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ጸሎቱ እንነጋገር። ሴና ኢጣሊያ ባለው የኢሞላ መወዳደሪያ ላይ በ7ኛው ዙር፣ ታምቡሬሎ በሚባለው ኩርባ ከመንገድ ወጥቶ ከኮንክሪት ግንብ ጋር ተጋጨ። ከመኪናው የተገነጠለ ብረት ጭንቅላቱን መታው። ነገሩ ኢጣሊያ ውስጥ ለዓመታት በፍርድ ቤት አከራክሯል። የመሪው ዘንግ ተሰብሮ ነው ያለ አለ፤ የጎማው አየር ቀንሶ ነው ያለም አለ። ጋራዥ ውስጥ ያደጉ ሰው ነዎትና ይገባዎታል። መሪ፣ ጎማ፣ ግንብ። የእርስዎ ልመና እዚህ ውስጥ የለበትም።

ላላዩት ሰው ማዘንዎ አያሳፍርም። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ ቅዳሜ፣ እዚያው ኢሞላ ላይ ሮላንድ ራትዘንበርገር የሚባል ኦስትሪያዊ ሞቷል። ፎርሙላ ዋንን ገና መጀመሩ ነበር። ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሴና ለዚህ ጀማሪ አለቀሰ። እሑድ ከተሰባበረው መኪናው ውስጥ የኦስትሪያ ባንዲራ ተገኘ። ቢያሸንፍ ለሟቹ መታሰቢያ ሊያውለበልበው ነበር። እርስዎ ጅማ ላይ የለመኑለትን ድል እሱ ለዚያ ነበር ያሰበው። ይህን ስጽፍ እኔም ሆዴ ባባ።

ስለ ልጅዎ ግን ትንሽ እቆጣዎታለሁ። ልጅ ምክንያቱ ካልተነገረው ጥፋቱን ራሱ ላይ ይፈልጋል። እርስዎ በ11 ዓመትዎ ያደረጉት ይሄንኑ ነው። እሷም አሁን እያደረገችው ነው። ስለዚህ ይንገሯት፤ ጸሎቱንም ጭምር።

ፈርታ ትተወው ይሆን ብለው አይስጉ። ከነጂው ራስ በላይ የሚታየውን ቅስት ብረት ያሳይዋት። ሃሎ ይባላል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ነው። በ2020 ባህሬን ላይ የሮማን ግሮዣን መኪና የብረት አጥሩን ሰንጥቃ ለሁለት ተከፍላ ስትነድ፣ ሰውየው ከእሳቱ በራሱ ወጥቷል። ያ ብረት ባይኖር ጭንቅላቱ አይተርፍም ነበር። ታምቡሬሎም ቢሆን ሴና በሞተ በዓመቱ መልኩ ተቀይሯል፤ ዛሬ በዚያ ፍጥነት አይታለፍም።

የሚቀጥለው ውድድር እሑድ ሲሆን ቡና ይፈላ። እናትዎን አስፈቅደው ፎቶውን ከዳዊቱ ያውጡና፣ ከአጎትዎ ጋራዥ ጀምረው ይንገሯት።