አሮጌውን ቼይንሶ ከመጣልህ በፊት ማርሚታውን ፍታው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼዋለሁ። ከአባትህ የቀረህ ስቲል 070 ቼይንሶ (በሞተር የሚሠራ የዛፍ መጋዝ) ገመዱ ሲሳብ ይነሳል፣ ነዳጅ ስትሰጠው ግን አፍኖት ይጠፋል። ባለሙያው ደግሞ «አልቆለታል፣ አዲስ ግዛ» ብሎሃል። እኔ አትቸኩል ነው የምልህ። የነገርከን ምልክት የሞተ ሞተር ምልክት አይደለም፤ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ነው የሚመስለው።

ብር ከማውጣትህ በፊት ግን የሞተሩን ሆድ እይ። ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ሳጥን፣ ስትፈታ በጭስ መውጫው ቀዳዳ በኩል ፒስተኑ ይታይሃል። ካንዴላውን (እሳት የሚረጨውን) አውጣና ገመዱን ቀስ እያልክ ሳብ፣ በስልክህ መብራት እያበራህ ጎኑን ተመልከት። ለስላሳ ከሆነ፣ ፋሻውንም (ፒስተኑን የከበበውን የብረት ቀለበት) በትንሽ እንጨት ስትጫነው ገባ ወጣ የሚል ከሆነ፣ ማሽንህ ገና ብዙ ባሕር ዛፍ ይቆርጣል። ከላይ ወደ ታች የወረደ ጥልቅ ጭረት ካየህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፒስተኑም ፋሻውም፣ ብዙ ጊዜ ሲሊንደሩም ጭምር መለወጥ አለባቸው። ያኔ ዋጋውን ከአዲሱ ጋር ማወዳደር ተገቢ ነው። ይህን ቀዳዳ ሳያይ «አልቆለታል» የሚል ሰው ግምቱን ነው የነገረህ።

ፒስተኑ ደህና ነው እንበል። ሁሉንም መልሰህ ግጠምና አስነሳው፤ ነዳጅ ሰጥተህ ሲጠፋ ወዲያው ካንዴላውን ፍታ። ጫፉ ርጥብ ከሆነ ወይ ነዳጅ በዝቶበታል ወይ እሳት የለውም። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም። ያንተው ደረቅ እንደሚሆን እገምታለሁ። የታንከሩን ክዳን ላላ ስታደርገው ሽው ብሎ አየር ከሳበ መተንፈሻው ተደፍኗል፤ እሱን መጥረግ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ፊልትሮውን (የነዳጅ ማጣሪያውን) በሽቦ መንጠቆ ከታንከሩ አውጣው። የጎማ ቱቦውን አጥፈህ እየው፣ ከተሰነጠቀ ነዳጅ ሳይሆን አየር ነው የሚስበው።

ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ላይ ግን ጊዜህን ውሰድ። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ከሥሩ የሚፈጠረው ግፊት በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ስስ ሽፋን ያርገበግባታል፤ ነዳጁን ከታንከሩ የምትስበው እሷ ናት። ዲያፍራም ነው የምትባለው። ከሷ ሌላ የነዳጁን ልክ የምትቆጣጠር ሁለተኛ ዲያፍራም አለች። ማሽኑ ቤንዚን እንዳዘለ ለወራት ከተቀመጠ ሁለቱም ይደርቃሉ። ያኔ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጠው በዝቅተኛ ዙር) ለመሥራት የሚበቃ ነዳጅ ይደርሳል፣ ጉልበት ሲጠየቅ ግን አይዳረስም። ልክ ያንተ ማሽን እንደሚያደርገው። ክዳኖቹን ፈትተህ በጣትህ ዳስሳቸው። ስታጥፋቸው ከኮሸኮሹ ለውጣቸው። የጥገና ኪት ስትገዛ የማሽኑን ስም ብቻ አትንገር፣ ካርቡራተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያዝ። ሽፋኖቹና ጓርኒሲዮኖቹ (በመካከል የሚገቡት ማሸጊያዎች) እንዴት እንደተደራረቡ ሳታነሳቸው ፎቶ አንሳ። ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን በሽቦ አትጎርጉር፣ ይሰፋሉ።

ስትገጥመው ኤል (L፣ የዝቅተኛ ዙር ነዳጅ) እና ኤች (H፣ የከፍተኛ ዙር ነዳጅ) የተጻፈባቸውን ሁለት ብሎኖች በቀስታ እስኪቆሙ ዝጋ፣ ከዚያ አንድ አንድ ዙር ክፈት። መነሻህ ይህ ነው፤ ከዚያ በድምፁ ታስተካክላለህ። ኤቹን አጥብቀህ ስትዘጋው ሞተሩ ሹል ድምፅ ያወጣል፣ ጉልበት ያገኘም ይመስላል። እባክህ አትታለል። በዚህ ሞተር ውስጥ ዘይት የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ብቻ ነው። ነዳጅ ሲያንሰው ዘይትም ያንሰዋል፣ ያ የፈራነው ጭረት የሚመጣውም በዚህ ነው። በተለመደው የሁለት ስትሮክ ዘይት ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ቀላቅል። የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም። ሥራ ስትጨርስ ታንከሩን ገልብጠህ፣ የቀረውን እስኪጠፋ አስነሥተህ አስቀምጠው።

ይህን ሁሉ አድርገህ የነዳጅ መስጫውን ጣትህን አንስተህ ስትለቀው ዙሩ ቶሎ የማይወርድ ከሆነ ፓራኦሊዮው (የሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው የጎማ ማሸጊያ) አየር እያስገባ ሊሆን ይችላል። እሱን በግፊት መሞከሪያ ያለው ሰው ይየው፣ እስከዚያ አትሥራበት።

አዲስ እንድትገዛ ሊያሳምነኝ የሚችል አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ አሮጌ 070ዎች የካቴና (የመቁረጫው ሰንሰለት) ፍሬን የላቸውም። ማሽኑ ድንገት ወደ አንተ ተመልሶ ቢዘል ካቴናውን የሚያቆምልህ ነገር የለም። ስለዚህ በሁለት እጅ ያዘው፣ ካቴናው በሚዞርበት ላሜራ ጫፍ አትቁረጥ፣ ላልለመደ ልጅም አትስጠው። የካርቡራተሩን ቁጥር ካገኘኸው ጻፍልኝ፣ ኪቱን አብረን እንፈልጋለን።