ቁልፉን ስትቀበሉ ቆጣሪውንም አንብቡ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ከቤተሰብ ወጥታችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ልትከራዩ ለተሰናዳችሁ ነው። ስለ ኪራዩ የሚመክራችሁ ሰው አይጠፋም። እኔ የማነሳው ኪራዩን ተከትለው ስለሚመጡት ቢሎች ነው።

የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ከሥራ ዘመኔ አብዛኛውን ያሳለፍኩት የደንበኞችን የመብራትና የውሃ ቢል ቅሬታ በማጣራት ነው። ለቅሬታ የሚመጡት ሰዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዱ «ይሄን ሁሉ አልተጠቀምኩም» ይላል፤ ሌላ የሚያሳየው ነገር የለውም። ሌላው «ቤቱን የተረከብኩ ቀን ቆጣሪው ላይ የነበረው ቁጥር ይኸው» ብሎ ፎቶ ያወጣል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የሁለተኛውን ጉዳይ ግን ቶሎ እጨርስለት ነበር። የመጀመሪያውን ባምነው እንኳ የምረዳበት መንገድ አልነበረኝም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኝ ነበር።

ስለዚህ ከቆጣሪው ጀምሩ። ቁልፍ በምትቀበሉበት ቀን፣ ዕቃ ሳታስገቡ፣ የመብራቱንም የውሃውንም ቆጣሪ አከራዩ ባለበት አንብቡና ፎቶ አንሱ። ብዙ ሰው ንባቡን ብቻ ያነሳል። የቆጣሪው መለያ ቁጥርም አብሮ መታየት አለበት። እሱ ከሌለ ፎቶው የየትኛው ቤት ቆጣሪ እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም። ፎቶውን በዚያው ቀን ለአከራዩ በመልእክት ላኩለት። ንባቡን ውሉ ላይ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ብትፈርሙበት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ቅር ይለዋል ብላችሁ በይሉኝታ አትለፉት። ቀና አከራይ ይህ ነገር እሱንም እንደሚጠብቀው ያውቃል።

የመጨረሻው ቢል የተከፈለበትን ደረሰኝም አሳዩኝ በሉ። ከእናንተ በፊት የነበረው ተከራይ ሳይከፍል ወጥቶ ከሆነ ውዝፉ እዚያው ተቀምጧል። በሕግ ዕዳው የማን ነው የሚለው እንደየአገሩ ይለያያል። መብራቱ ሲቆረጥ ግን ጨለማ ውስጥ የምታመሹት እናንተ ናችሁ።

ቆጣሪው የሚቆጥረው የእናንተን ቤት ብቻ መሆኑንም ፈትሹ። የቤታችሁን ዋና ማጥፊያ አጥፉና ቆጣሪውን ተመልከቱ። ዲጂታል ቆጣሪዎች ላይ ኤሌክትሪክ ሲሄድ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ መብራት አለች። ፍጆታው ሲጨምር ትፈጥናለች። ሁሉም ነገር ጠፍቶ እሷ ካላቆመች፣ ከእናንተ ቆጣሪ ላይ ሌላ ሰው እየተጠቀመ ሊሆን ይችላል። ለውሃውም እንዲሁ ነው። ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግታችሁ ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሚያፈስ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ ያፈሳል። ማጠራቀሚያው ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉና ውሃ ሳትለቁ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ከማጠራቀሚያው ሥር ውሃውን የሚይዘው መድፈኛ አይገጥምም ማለት ነው። ይህን ከመግባታችሁ በፊት ካገኛችሁት የሚያስጠግነው አከራዩ ነው። ሦስት ወር ቆይታችሁ ካገኛችሁት ክርክር ይሆናል።

አሁን ወደ ቢሉ እንምጣ። ቢል ሲደርሳችሁ ዓይናችሁ የሚሄደው ከታች ወዳለው ድምር ነው። ከላይ ጀምሩ። ያለፈው ንባብ ስንት ነው? የአሁኑስ? ልዩነታቸው ፍጆታችሁ ነው። እሱ በአንድ መለኪያ ዋጋ ይባዛል፣ ቋሚ የአገልግሎት ክፍያና ግብር ይጨመርበታል። በብዙ ቦታ ቋሚው ክፍያ ቤት ባትውሉ እንኳ አይቀርም። ለውሃ አንድ ሜትር ኩብ 1000 ሊትር ነው። ለመብራት መለኪያው ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 1000 ዋት የሚስብ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ ማለት ነው።

ይህችን መለኪያ በደንብ ያዟት፤ ብዙ ትነግራችኋለች። ባለ 10 ዋት አምፖል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለመጨረስ 100 ሰዓት ይፈጅበታል። ባለ 2000 ዋት ምድጃ ግን በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ወጣቶች አምፖል ለማጥፋት ሲሯሯጡ አያለሁ፤ ደግ ነው። ነገር ግን ገንዘባችሁን የሚበላው የሚያሞቅ ዕቃ ነው። የውሃ ማሞቂያው፣ ምድጃው፣ የክፍል ማሞቂያው። ክፍል የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ካላችሁ እሱንም ጨምሩበት። መጀመሪያ እነዚህ ላይ አተኩሩ።

አሁን የምለው ከሁሉም በላይ ቅሬታ ያየሁበት ነገር ነው። ቢሉ ላይ ንባቡ አጠገብ «በግምት» የሚል ቃል ወይም ምልክት ካያችሁ ቆም በሉ። ቆጣሪ አንባቢው በሩ ተዘግቶበት ሲመለስ ድርጅቱ የቤቱን ያለፈ ፍጆታ እያየ ይገምታል። የቤቱ ያለፈ ፍጆታ ደግሞ የእናንተ አይደለም። ከእናንተ በፊት የነበረው አምስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከሆነ የእነሱን ያህል ትከፍላላችሁ። ተቃራኒው የባሰ ነው። ቤቱ ባዶ ከርሞ ከሆነ ግምቱ ትንሽ ይሆናል። ቢሉ ቀለለልን ብላችሁ ትደሰታላችሁ። ከዚያ አንባቢው አንድ ቀን በሩን ክፍት አግኝቶ ትክክለኛውን ያነባል፤ የወራት ፍጆታ በአንድ ቢል ይመጣል። ዱብ ዕዳ ማለት ይሄ ነው።

ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር ዋጋው በእርከን የሚጨምር ከሆነ ጉዳቱ ድርብ ነው። የሦስት ወር ፍጆታ በአንድ ወር ላይ ሲጫን ወደ ውዱ እርከን ያስገባችኋል። በየወሩ ቢነበብ ኖሮ በርካሹ እርከን ትከፍሉት ነበር። እንዲህ ከደረሰባችሁ ፍጆታው በየወሩ ተከፋፍሎ እንደገና እንዲሰላ በጽሑፍ ጠይቁ። ለዚህ የሚያስፈልጋችሁ የራሳችሁ መዝገብ ነው። በየወሩ በአንድ በተወሰነ ቀን ቆጣሪውን አንብቡና ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ከዚህ ደብዳቤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋባችሁ ይህቺን ልማድ ብቻ እንድትይዙ እለምናችኋለሁ።

ስለ ገንዘቡ አያያዝ አንድ ነገር ልበል። ቢል የሚመጣው ከተጠቀማችሁ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ርካሽ ይመስላል። ለቤት ዕቃ፣ ለመጋረጃ ገንዘቡን ታጠፉታላችሁ። ከዚያ ቢሎቹ ተከታትለው ይመጣሉ። ደመወዝ የገባ ቀን፣ ቢል ባይደርስም፣ ግምቱን ለብቻ አስቀምጡ። ቢሉ ቀሎ ከመጣ ትርፉን አትንኩት፤ ፍጆታ ለሚጨምርበት ወቅት ይሆናችኋል። ቆጣሪያችሁ ቅድመ ክፍያ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ሊያልቅ ሲል ለመሙላት አትሯሯጡ። ስንት ቀን እንደሚያቆያችሁ ቀድማችሁ እወቁ።

ከደባል ጋር ከገባችሁ፣ ቢሉ በማን ስም እንደሆነ አስቡበት። ድርጅቱ የሚጠይቀው ስሙ ያለበትን ሰው ነው፤ የእናንተን የጋራ ስምምነት አያውቅም። በእናንተ ስም ከሆነ ድርሻቸውን ከመክፈያው ቀን በፊት ሰብስቡ። ማን ምን ያህል እንደሚያዋጣም ገና ስትገቡ ተጻጻፉ። ወዳጅነትን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ ሳይሆን ያልተነገረው ነገር ነው።

ኢንተርኔት ስታስገቡ ውሉ ለስንት ጊዜ እንደሚያስራችሁና ቤት ብትቀይሩ ምን እንደሚሆን ጠይቁ። ቤቱን ስትለቁም ቆጣሪውን አከራዩ ባለበት አንብቡ፣ በስማችሁ ያለውን ውል አስዘጉ። መያዣ አስይዛችሁ ከነበረ እስኪመለስላችሁ ደረሰኞቹን አትጣሉ።

መክፈል የሚያቅታችሁ ወር ሊመጣ ይችላል። ሥራ ይቋረጣል፣ ሰው ይታመማል። በዚያን ጊዜ ቢሉን ሳታዩ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። እኔ ጋ የመጡ ብዙ ወጣቶች የዘገዩት በንቀት አልነበረም፤ አፍረው ነበር። እስኪመጡ ድረስ ቅጣት ተጨምሮበታል፣ የተቆረጠውን መልሶ የማስቀጠያ ክፍያ መጥቷል። የመክፈያው ቀን ሳያልፍ የሚመጣ ሰው በብዙ ቦታ በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይፈቀድለታል። ሂዱና «በዚህ ወር ይህን ያህል እችላለሁ፣ ቀሪውን በእነዚህ ወራት እከፍላለሁ» በሉ። የምትናገሩት ቁጥር በእርግጥ የምትችሉት ይሁን። የተስማማችሁበትን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ያነጋገራችሁን ሠራተኛ ስምና ቀኑን መዝግቡ፣ የመጀመሪያውን ክፍያ በቀኑ ክፈሉ።