የዕቁብ ዕጣ አውጪ ፕሮግራም ለምን ያንኑ ስም ይመላልሳል?

ጥያቄ፦ ጅማ የምኖር የኮምፒዩተር ሳይንስ ጀማሪ ተማሪ ነኝ። መርካቶ የሚነግዱ ዘመዶቼ ለሚጥሉት፣ 30 አባላት ላሉት ዕቁብ ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ ጻፍሁ። ነገር ግን በከፈትሁት ቁጥር ስሞቹ በዚያው ቅደም ተከተል ይወጣሉ፤ ለዘፈቀደ ቁጥር መነሻ የሚሰጠውን «ኤስራንድ»ን ከ«ታይም» ጋር ሉፑ (ትእዛዞቹ የሚደጋገሙበት ክፍል) ውስጥ ሳስገባው ደግሞ 30ውም ዕጣ ለአንድ ሰው ወጣ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሁለቱም ችግሮች ምንጭ አንድ ነው። «ራንድ» የተባለው የዘፈቀደ ቁጥር ማውጫ የሚሰጠው ቁጥር ከአንድ መነሻ ተነሥቶ በቋሚ ስሌት የሚገኝ ስለሆነ፣ መነሻው አንድ ዓይነት ከሆነ የሚከተለው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። «ኤስራንድ» ካልተጠራ ደግሞ በቋንቋው ደንብ መነሻው 1 ነው። «ታይም» በበኩሉ ጊዜን በሰከንድ ቆጥሮ የሚመልስ ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ 30ውን ዙር ከአንድ ሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ስለሚጨርስ፣ በየዙሩ ያንኑ መነሻ ሰጥተው ያንኑ የመጀመሪያ ቁጥር ተቀብለዋል። «ኤስራንድ»ን ከሉፑ አውጥተው ፕሮግራሙ ሥራውን በሚጀምርበት በ«ሜይን» መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጥሩት።

ይህን ሲያስተካክሉ አንዱ አባል ሁለት ጊዜ ሲደርሰው፣ ሌላው ጨርሶ ሳይደርሰው ሲቀር ያያሉ፤ በዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ብጣሽ ወረቀት ተመልሶ አይገባምና፣ ቁጥር ደጋግሞ ከመጥራት ይልቅ ስሞቹን መበወዝ ይሻላል። ስሞቹን በአሬይ (ቦታዎቹ ከዜሮ ጀምረው በሚቆጠሩ ዝርዝር) ይደርድሩ፤ ከመጨረሻው ቦታ ጀምረው፣ ከዜሮ እስከዚያው ቦታ ድረስ (ቦታውን ራሱን ጨምሮ) አንድ ቁጥር በዘፈቀደ ይምረጡ፤ ሁለቱን ስሞች ያቀያይሩና አንድ ቦታ ወደኋላ ይመለሱ። በየደረጃው ከሁሉም ቦታዎች መምረጥ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ያዳላል። በ3 ስሞች ቢያስቡት 27 (3 × 3 × 3) የአመራረጥ መንገዶች ይኖራሉ፣ ቅደም ተከተሎቹ 6 ናቸው፣ 27 ደግሞ ለ6 እኩል አይካፈልም። «ራንድ»ን ለ30 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ የሚያመጣው አድልዎ ግን እዚህ ግባ አይባልም፤ ዊንዶውስ ላይ የመጀመሪያዎቹ 8 ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ከ32,768 ውስጥ 1,093 ዕድል ሲኖራቸው የቀሩት 1,092 አላቸው።

ለቤት ሥራ ቢሆን እዚህ ላይ ባበቃሁ ነበር። የሰው ገንዘብ የሚሰጥበት ዕጣ ሲሆን ግን ሰዓትን መነሻ ማድረግ አይበቃም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሉት መነሻዎች 3,600 ብቻ ስለሆኑ፣ ፕሮግራሙን የያዘ ሰው ሁሉንም ቀድሞ ሞክሮ የራሱ ስም የሚወጣበትን ሰከንድ ጠብቆ ቁልፉን ሊጫን ይችላል። ዘመዶችዎን መጠርጠሬ አይደለም፤ ዕጣው ያልወጣለት ሰው ሊጠይቅ የሚገባውን ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ ግን የጸሐፊው ሥራ ነው።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ «ራንደም ዲቫይስ» የተባለውን ሌላውን የሲ ፕላስ ፕላስ የዘፈቀደ ቁጥር ማውጫ ይመክራሉ፤ ምክሩ ትክክል ቢሆንም ኮምፓይለርዎን (የጻፉትን ኮድ ኮምፒዩተሩ ወደሚሠራው ፕሮግራም የሚቀይረውን) ይመልከቱ። ጂሲሲ ከተባለው ኮምፓይለር 9.2ኛ እትም በፊት በነበሩት፣ ሚንጂደብልዩ በሚባሉት የዊንዶውስ ቅጂዎቹ፣ ዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስ 5.11 ከተባለው የኮድ መጻፊያ ጋር የሚመጣውን ጨምሮ፣ ይህ መሣሪያ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ያንኑ ተከታታይ ይሰጣል፤ ማለትም የጀመሩበት ችግር ይመለሳል። ኮምፓይለሩን ማደስ ካልቻሉ ይህችን ሥራ ፓይተን በተባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ቢጽፏት እመርጣለሁ። እዚያ «ራንደም» በተባለው የትእዛዞች ስብስብ ውስጥ ያለው «ሲስተም ራንደም» ቁጥሩን የሚወስደው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ስለሆነ መነሻ አይፈልግም፤ «ሻፍል» የተባለው ትእዛዙም መበወዙን ራሱ ይሠራል። «ሻፍል» ዝርዝሩን እዚያው ይለውጣል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይመልስም፤ ውጤቱን በሌላ ስም ከተቀበሉ በፓይተን «ምንም» ማለት የሆነውን «ነን» ብቻ ያገኛሉ።

ፕሮግራሙን አባላቱ በተሰበሰቡበት አንድ ጊዜ ብቻ አስኪደው የ30ውን ቅደም ተከተል ያትሙ፤ ዳኛውም ይፈርሙበት። ዕጣው በየሳምንቱ እንዲወጣ ከፈለጉ ግን ያልደረሳቸውን ስም በፋይል ያስቀምጡ፤ አለበለዚያ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ማን እንደወሰደ ይረሳል።