ጢሮስ የተወቀሰችው ነጋዴ ስለሆነች ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ከዱባይ ጨርቃ ጨርቅ እያስመጣሁ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። በጽዋ ማኅበራችን ትንቢተ ሕዝቅኤልን እያነበብን ምዕራፍ 26፣ 27 እና 28 ላይ ደረስን፤ ሦስቱም ስለ ጢሮስ ነው የሚናገሩት። አንድ ወንድም «አየሽ፣ ንግድ የሰይጣን ሥራ ነው፤ ነቢዩ በንግድህ ብዛት እያለ የሚወቅሰው እርሱን ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቄን ስከፍት ልቤ ይከብደኛል። ጢሮሶች እነማን ናቸው? መጽሐፍ ቅዱስ ስለ አንድ የነጋዴ ሕዝብ ይህን ያህል የሚናገረው ለምንድን ነው? ነጋዴ መሆኔስ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ልብሽ የከበደው ቃሉን ፈርተሽ ነውና ፍርሃትሽን እግዚአብሔር ይቀበልልሽ። ነጋዴ መሆንሽ ግን ኃጢአት አይደለም። ወንድማችን የያዘው የንባቡን ግማሽ ነው፤ ሌላውን ግማሽ አብረን እንየው።

ጢሮስና ሲዶና ዛሬ ሊባኖስ በምንላት አገር፣ በባሕሩ ዳር ያሉ ከተሞች ናቸው። ሰዎቹን ግሪኮች ፊንቄ ይሏቸዋል፤ በሐዋርያት ሥራ 11፥19 አገሪቱን በዚሁ ስም ታገኛታለሽ። በኦሪት ግን ከነዓናውያን ናቸው፤ ሲዶን የከነዓን የበኵር ልጅ ነውና (ዘፍ. 10፥15)። ንግድ ሥራቸው ብቻ ሳይሆን ስማቸውም እስኪሆን ድረስ ነገዱ፤ በዕብራይስጥ «ከነዓናዊ» የሚለው ቃል «ነጋዴ» ማለትም ሆነ። ምሳሌ 31፥24 ላይ ያቺ ልባም ሴት ድግ ሠርታ የምትሸጠው ለማን ነው? የዕብራይስጡ ቃል «ለከነዓናዊ» ይላል። ጨርቅ የምትሸጥ ሴት፣ ከነጋዴ ጋር የምትገበያይ፣ ዋጋዋም ከቀይ ዕንቍ የሚበልጥ። መጽሐፍ አንቺን የመሰለችውን ሴት እንዲህ ካመሰገነ ማን ሊነቅፍሽ ይችላል?

ጢሮሶች የሚታወቁበት ዕቃም ከአንቺ ሙያ ሩቅ አይደለም። ሐምራዊውን ቀለም የሚያወጡት ከባሕር ቀንድ አውጣ ነበር። ከአንዱ የሚገኘው ጠብታ ያህል ስለሆነ ለአንድ ልብስ በሺህ የሚቆጠር ቀንድ አውጣ ይፈለግ ነበር። የነገሥታት ልብስ የሆነውም ስለዚሁ ነው።

አሁን የሠሩትን በጎ ነገር ተመልከቺ። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲያንጽ የሊባኖስን ዝግባ የላከለት የጢሮስ ንጉሥ ኪራም ነው። ግንዱን እያሰሩ በባሕር አንሳፈው ያመጡለት ነበር፤ ሰሎሞንም በየዓመቱ 20 ሺህ የቆሮስ መስፈሪያ ስንዴ ይሰጠው ነበር (1ኛ ነገ. 5)። የናሱን ሥራ የሠራው ባለሙያም አባቱ የጢሮስ ሰው፣ እናቱ ከንፍታሌም ነገድ የሆነች መበለት ነበረች። እንግዲህ የእግዚአብሔር ቤት የቆመው በንግድ ውል በመጣ እንጨትና የነጋዴ አገር ሰው ባፈሰሰው ናስ ነው። ንግድ በራሱ ርኩስ ቢሆን ኖሮ ያ እንጨት ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ባልገባ ነበር።

ከዚያው አገር ሁለት ሴቶች ወጥተዋል። አንዷ የሲዶና ንጉሥ ልጅ ኤልዛቤል ናት፤ በእስራኤል ቤተ መንግሥት ተቀምጣ 450 የበአልና 400 የአሼራ ነቢያትን በማዕዷ ትቀልብ ነበር። ሌላዋ የሰራፕታዋ መበለት ናት፤ የቀራትን አንድ እፍኝ ዱቄት ጋግራ ነቢዩ ኤልያስን አበላችው። አገራቸው አንድ፣ የሚያመልኩት የነበረውም አንድ። ጌታችን በናዝሬት ምኵራብ ስሟን ሳይጠራ ያነሣት ይህችን መበለት ነው (ሉቃ. 4፥26)። ልጇን እንዲፈውስላት እየጮኸች የተከተለችው ከነናዊት ሴትም የዚያው ባሕር ዳር ሰው ናት፤ «እምነትሽ ታላቅ ነው» ተባለላት። ስለዚህ አንድ ሕዝብ ነጋዴ ስለሆነ ብቻ በጅምላ አይፈረድበትም።

ታዲያ ነቢዩ ሕዝቅኤል ያን ያህል ያለቀሰው በምን ምክንያት ነው?

ምዕራፍ 27ን ቀስ ብለሽ እንደገና አንብቢው። እኔ ራሴ ለብዙ ዘመን የዕቃ ዝርዝር እየመሰለኝ አልፌው እሄድ ነበር። ነቢዩ ጢሮስን እንደ አንዲት ውብ መርከብ ይሥላታል። ሳንቃዋ ከሳኔር፣ ምሰሶዋ ከሊባኖስ ዝግባ፣ መቅዘፊያዋ ከባሳን ዛፍ፣ ሸራዋ ከግብፅ በፍታ ነው። ከተርሴስ ብር፣ ብረት፣ ቆርቆሮና እርሳስ ይመጣላታል። ይሁዳና እስራኤል ስንዴ፣ ማርና ዘይት ያቀርባሉ። የሳባ ነጋዴዎች ሽቱ፣ የከበረ ድንጋይና ወርቅ ያመጣሉ። ነቢዩ ይህን ሁሉ ሲዘረዝር አይሳደብም፤ በእጅ ሥራዋ የሚደነቅ ሰው ይመስላል።

ቁጥር 13 ላይ ስትደርሺ ግን ቁሚ። ያዋን፣ ቶቤልና ሞሳሕ የሚባሉ ሕዝቦች «የሰዎችን ነፍስ»፣ ማለትም ባሪያ፣ ያመጡላታል፤ በዚያው መስመር ደግሞ የናስ ዕቃ አለ። ቀጥሎ ፈረስና በቅሎ ይከተላል። ሰው በናስና በፈረስ መካከል ተቆጥሮ ገብቷል። መርከቢቱን ያሰጠማት ይህ ነው። አሞጽም የሚከሳት በዚሁ ነው፤ የወንድማማችነትን ቃል ኪዳን ረስታ ምርኮኞቹን ሁሉ ለኤዶምያስ አሳልፋ ሰጠች ይላል (አሞ. 1፥9)። የማን ወንድም? ኪራም ሰሎሞንን «ወንድሜ» ይለው አልነበረምን? ኢዩኤል የይሁዳን ልጆች ለግሪክ ሰዎች መሸጣቸውን ይናገራል። ወንጌላዊው ዮሐንስም በራእይ 18 የባቢሎንን ሸቀጥ ሲዘረዝር መጨረሻ ላይ የሚያኖረው ያንኑ ነው፤ «የሰዎችንም ነፍስ»።

ይህን ስጽፍ ልጆቻችን ይታዩኛል። ደላላ በየመንደሩ እየዞረ፣ ቤተሰብ መሬቱንና በሬውን እንዲሸጥ እያግባባ፣ በበረሃና በጀልባ ወደ ዓረብ አገር የሚሸኛቸው ልጆች። የጢሮስ ኃጢአት ወራሽ ካለ ይህ ደላላ ነው፤ አንቺ አይደለሽም። አንቺ ራስሽን የምትመረምሪው ሌላ ቦታ ነው፦ ሜትርሽ ልክ ነው ወይ? ሱቅሽ ውስጥ ቆማ የምትውለው ልጅ ደመወዟን በሰዓቱ ታገኛለች ወይ? ስትታመም እንደ ወንድም ልጅሽ ታያታለሽ ወይስ እንደ መደርደሪያሽ?

ስለ ሰይጣን የተነገረሽ ነገር ምዕራፍ 28 ነው። አባቶቻችን የጢሮስን ንጉሥ ሙሾ ሲተረጉሙ የሳጥናኤልን ውድቀት አይተውበታል፤ በዔድን ገነት ነበርህ፣ ኪሩብ ነበርህ ይለዋልና። ነገር ግን ሳጥናኤል የወደቀው በምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ መላእክቱን «እኔ ፈጠርኋችሁ» ብሎ ነው። የጢሮስ አለቃም ሀብቱ ሲበዛ ልቡ ኰራና «እኔ አምላክ ነኝ» አለ። በንግዱ የሞላበት ግፍም የተወቀሰው ከዚህ ትዕቢት ጋር ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ያልሠሩትን የእኔ ሥራ ነው ማለታቸው እንጂ ገበያ አይደለም።

ስለ ሰንበት አልጠየቅሽኝም፤ ነህምያ 13ን ግን ሳልጠቅስልሽ ባልፍ ደግ አይደለም። በኢየሩሳሌም የሚኖሩ የጢሮስ ሰዎች በሰንበት ዓሣ እያመጡ ይሸጡ ነበር። ነህምያ ከነጋዴዎቹ አስቀድሞ የገሠጸው የይሁዳን ታላላቆች ነው፤ በሩን ያልዘጉት እነርሱ ናቸውና። እሑድ ጠዋት ቅዳሴው ሳያልቅ ሱቅሽን አትክፈቺ፤ ደንበኛሽ ይጠብቃል።

ጢሮስ ምን ሆነች? ናቡከደነፆር ከበባት፤ ከበባው 13 ዓመት እንደፈጀ ተጽፏል። ሕዝቅኤል 29፥18 የወታደሮቹ ራስ ሁሉ ተመለጠ፣ ጫንቃም ሁሉ ተላጠ፣ የድካማቸውን ዋጋ ግን አላገኙም ይላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ዓመት ታላቁ እስክንድር መጣ። የጢሮስ አንዱ ክፍል ከባሕሩ ዳር ራቅ ብሎ በደሴት ላይ ነበር፤ ያችን ደሴት ለመያዝ በዳር የነበረውን የአሮጌውን ከተማ ፍርስራሽ ወደ ባሕር እየጣለ መንገድ ደለደለና በሰባት ወር ያዛት። ያ ድልድል አሸዋ እየሞላው ደሴቲቱን ከምድር ጋር አጋጥሞ ዛሬም አለ።

የኢሳይያስን ፍጻሜ ግን ያዢልኝ። ምዕራፍ 23 ጢሮስን ከወቀሰ በኋላ ቁጥር 18 ላይ የንግዷ ትርፍ ለእግዚአብሔር የተቀደሰ ይሆናል፤ አይከማችም፣ አይዘጋበትም፤ በእግዚአብሔር ፊት ለሚኖሩ እስኪጠግቡ መብልና መልካም ልብስ ይሆናል ይላል። እግዚአብሔር ንግዱን አላጠፋውም፤ ትርፉ የሚሄድበትን ቦታ ለወጠው።

ይህ ደግሞ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ሰው ሁለት ወጣቶችን ይዞ በቀይ ባሕር ሲጓዝ በወደብ አደጋ ደርሶበት ሞተ። ወጣቶቹ ግን ተርፈው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። አንዱ ፍሬምናጦስ፣ ሌላው ኤዴስዮስ ነው። ፍሬምናጦስ ሹመት ባገኘ ጊዜ ያደረገውን ስሚ፦ በአገሪቱ የሚነግዱትን ክርስቲያን ነጋዴዎች እየፈለገ ለጸሎት የሚሰበሰቡበትን ቦታ እንዲያዘጋጁ አደረጋቸው። ጳጳስ ሆኖ ከመሾሙ በፊት በአክሱም የተሰበሰበው የጸሎት ጉባኤ የነጋዴዎች ጉባኤ ነበር። እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን ሐምሌ 26 የምናከብረው አባት እርሱ ነው። ኤዴስዮስም ወደ ጢሮስ ተመልሶ በዚያው ቅስና ተቀበለ።

ዳዊት የምትደግሚ ከሆነ 86ኛው መዝሙር ላይ ስትደርሺ ጢሮስና የኢትዮጵያ ሕዝብ በአንድ ቁጥር ተጠርተው ታገኛቸዋለሽ፤ ሁለቱም በጽዮን ተወለዱ ተብሎ። ነገ ጠዋት ሱቅሽን ስትከፍቺ ይህንን መዝሙር ድገሚና ግቢ።