ካምበሩን ተወውና ቶውን እይ

ወንድሜ፣ መኪናህን በ40 ሚሊ ሜትር ዝቅ ካስደረግህ በኋላ የፊት ጎማዎችህ የውስጥ ጠርዝ በ8,000 ኪሎ ሜትር ተበልቶ ማለቁን፣ ባለሙያውም «ችግሩ ካምበሩ (የጎማው ወደ ጎን ማጋደል) ነው፣ ማስተካከያ ብሎን ግዛ» ማለቱን ጽፈሃል። እኔ ያንኑ ብሎን ገዝቼ አይቼዋለሁና ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት አንብበኝ።

ካምበር ሁልጊዜ የሚከሰሰው ስለሚታይ ነው። ጎማው አናቱን ወደ ውስጥ ሲያጋድል አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። የቶ መዛባት፣ ማለትም የሁለቱ ጎማዎች ፊት መጥበብ ወይም መከፈት፣ ግን ለዐይን አይጋለጥም። በለጠፍከው የአላይመንት (የጎማ አቀማመጥ ልኬት) ወረቀት ላይ ካምበሩ −1.8 ዲግሪ ነው፤ የመቀነስ ምልክቱ አናቱ ወደ ውስጥ ማጋደሉን ያሳያል። ለከተማ መኪና በዛ ይላል፤ ብቻውን ግን በዚህ ፍጥነት ጎማ አይጨርስም። ማንም ያላነሳው ከሥሩ ያለው መስመር ነው፤ የእያንዳንዱ የፊት ጎማ ቶ 24 ደቂቃ ወደ ውጭ ተከፍቷል። እዚህ ደቂቃ የዲግሪ 60ኛ ክፍል ስለሆነ 24 ደቂቃ 0.4 ዲግሪ ነው፣ 0.24 አይደለም (ይህን አሳስቼ አንብቤ ከአንድ ባለሙያ ጋር በከንቱ ተጨቃጭቄያለሁ)። እንዲህ የዞረ ጎማ በየኪሎ ሜትሩ 7 ሜትር ያህል ወደ ጎን ሊሄድ ይታገላል። ጓደኛው በተቃራኒው ስለሚጎትት መኪናው ቀጥ ብሎ ይነዳል፤ ጣጣው የሚያርፈው ላስቲኩ ላይ ነው። በ8,000 ኪሎ ሜትር 56 ኪሎ ሜትር የጎን ጉተታ መሆኑ ነው። የካምበሩ ድርሻ ፍጭቱን ወደ ውስጠኛው ጠርዝ መሰብሰብ ነው።

ካላመንከኝ መዳፍህን የጎማው ጥርስ ላይ አስኪድ። ከውጭ ወደ ውስጥ ስትስብ እንደ መጋዝ እየቧጨረህ ሲመለስ ከለሰለሰ ጎማው ወደ ውጭ ተከፍቷል። የሚቧጭርህ በተቃራኒው አቅጣጫ ከሆነ ከልክ በላይ ጠቧል። በካምበር ብቻ የተበላ ጎማ አንዱ ጠርዙ ይሳሳል እንጂ እንዲህ አይቧጭርም።

እኔ በብሎኑ ካምበሩን ከ−2 ወደ −1 አመጣሁና ቶውን ሳላስለካ ነዳሁ። ይህ ትልቅ ስህተት ነበር፤ ካምበር በተነካ ቁጥር ቶም አብሮ ይንቀሳቀሳል። አዲሶቹ ጎማዎች ከቀድሞዎቹ ቀድመው አለቁ። በኋላ ሌላ ባለሙያ ካምበሩን ወደ −2 መልሶ ቶውን ዜሮ አጠገብ ሲያደርገው ቀጣዮቹን ጎማዎች ከ30,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳሁባቸው።

መኪና ዝቅ ሲል ጎማውን የሚያዞረው የመሪው ዘንግና ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ የተለያየ ቅስት ስለሚከተሉ ቶው መለወጡ አይቀርም። አዲስ ሞላ ከገባ በኋላ ጥቂት ቀን ተነድቶ ሲረጋ መለካት ያለበትም ለዚህ ነው። ከመለካቱ በፊት የጎማዎቹ ንፋስ ይስተካከል፤ ቴስቲኒዎቹ (የመሪው ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያዎች) እና የክንዶቹ ጎሚኒዎችም (የላስቲክ ትራሶች) ልል አለመሆናቸው ይታይ። የላላ ቴስቲኒ ይዘህ ብታስለካ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ያማረ ይሆናል፣ ፍሬን ስትይዝ ግን ጎማው ወደፈለገበት ይዞራል። ጎማ ማቀያየር (የፊቱን ከኋላው) የሚለውን ምክርም አይቻለሁ፤ ችግሩ ሳይስተካከል ካቀያየርክ አራቱንም ታበላሻለህ።

እንግዲህ ስትሄድ መጀመሪያ የኋላውን እንዲያስተካክሉ ጠይቅ፤ የኋላው ከተዛባ የፊቱ ልክ ሆኖ እንኳ መሪህ ተጣሞ ይቆማል። ከዚያ የፊቱን ቶ በእያንዳንዱ ጎማ ከዜሮ እስከ 5 ደቂቃ ወደ ውስጥ ያድርጉልህ፤ ካምበሩን ለአሁኑ አይንኩት። 1,000 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ መዳፍህን እንደገና አስኪድና ያገኘኸውን ጻፍልን።